አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ፤ የልጅነታችን ጀግና

ልጅ ሁሉ የሚያደንቀው አንድ ጀግና አለው። የአሜሪካ ልጆች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1952 እስከ 1958 በቴሌቪዥን የሚታየውን፥ ጥይት የማይበሳውን ሱፐርማንን ይወዱ ነበር። ተዋናዩ ጆርጅ ሪቭስ በ1959 በጥይት ሞተ ሲባል ብዙ ልጅ ግራ ተጋባ።

በብቸናና በሞጣ አገር ያደገ ልጅ ግን ጀግናውን ያገኘው ማታ እሳት ዳር ከአባቱ አፍ ነው። እርሱም በላይ ዘለቀ ነው። ሕፃኑም ሽማግሌውም እንደ ቤተ ዘመድ አንተ እያለ ስለሚጠራው፥ እኛም በዚሁ አጠራር እንጽፋለን።

አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ አገልጋይ ስለ ነበሩ፥ ከልጅ ኢያሱ ውድቀት ጋር በተያያዘ ጠብ ተገደሉ። የእናቱ ወገኖች ከዓባይ ማዶ የወሎ ቦረና ሰዎች ሲሆኑ፥ በላይ ግን ብቸና ውስጥ ለምጨን በተባለው በአባቱ ዘመዶች አገር አደገ። ከመሳፍንት ወገን አልነበረም፤ የወረሰውም ሹመት የለም።

ጠላት በ1928 ዓ. ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ በላይ ጥቂት ተከታዮች ይዞ ተነሣ፤ ውሎ ሲያድር በሺሕ የሚቈጠር ሠራዊት አዘዘ። ጣሊያን በብቸናም በሞጣም ምሽግ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን በብቸና አውራጃ ከምሽጉ ውጭ ያለው ገጠር አልገዛለትም። በዚያ ግብር የሚቀበለውና ዳኝነት የሚሰጠው በላይ ነበር። ለተከታዮቹ ትልልቅ ማዕርግ ሲሰጥ፥ ለራሱ ግን በላይ ከተባለው ስሙ የሚበልጥ ሹመት አልፈለገም ይባላል።

ልጆች የሚሰሙት ታሪክ እስከዚህ ድረስ ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ግን ሌላም ያገኛል። በ1933 ዓ. ም. የጣሊያን ጦር ከደብረ ማርቆስ ሸሽቶ በሳፋርታክ በኩል ዓባይን ሲሻገር፥ በላይ መንገዱን ይዘጋል ተብሎ ሲጠበቅ ሳይዘጋ ቀረ። የታሪክ ጸሓፊዎች ይህን ራስ ኃይሉ ከሰጡት የጋብቻ ተስፋ ጋር ያያይዙታል። ለሚወደው ሰው ይህ መራራ ነገር ነው።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት የደጃዝማችነት ማዕርግና የብቸናን ግዛት ሰጠው። ሌሎች ከእርሱ በላይ ሲሾሙ በማየቱ ቅር ተሰኘ፤ ቅሬታውም ወደ ዐመፅ ተለወጠ። ጦር ተላከበት፥ እጁን ሰጠ፥ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት። ከዚያም ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር አምልጦ ተያዘ። በጥር 1937 ዓ. ም. ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። በላይ ዕድሜው ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። አምስት ዓመት የተዋጋለት ባንዲራ ተመልሶ ከተሰቀለ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባ በስሙ የሚጠራ ጎዳና አለ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪም ሆነ ወጣት ሹም፥ የልጅነት ፍቅሬን ልተው ወይስ ጥፋቱን ልሸሽግ ብሎ መጨነቅ የለበትም። በላይ ጥይት የማይበሳው ሰው አልነበረም፤ ሳፋርታክ ላይ ሳተ፥ በሹመት ነገር ተቈጣ፥ በገመድም ሞተ። ይህን ሁሉ ዐውቀን ስሙ ሲጠራ ልባችን እንደ ልጅነታችን የሚሞቅ ከሆነ፥ ምክንያቱ አምስቱ ዓመት ነው፤ ማንም ሳይሾመው ተነሥቶ፥ ማንም ሳያዝዘው ለአገሩ ቆሟልና።