ቢትወደዱ አልቫሮ ዴ ሉና

እ.ኤ.አ. በ1406 ዳግማዊ ሁዋን የካስቲልን ዘውድ ሲወርስ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ሕፃን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከመኳንንት ወገን ከጋብቻ ውጭ የተወለደው አልቫሮ ዴ ሉና በእልፍኝ አሽከርነት ቤተ መንግሥት ገባ። ብላቴናው ንጉሥም ከእርሱ መለየት የማይችል ሆነ።

በ1420 ከአራጎን መሳፍንት አንዱ ንጉሡን በእጁ ባስገባ ጊዜ፣ አልቫሮ ጌታውን ይዞ አመለጠ። በ1423 የመንግሥቱ ጦር የበላይ አበጋዝ ሆነ። መኳንንቱ በ1427 ከቤተ መንግሥት ቢያስወጡትም በማግሥቱ ዓመት ተመለሰ፤ በ1445ም በኦልሜዶ ጦር ሜዳ ድል አደረጋቸው።

ውድቀቱ የመጣው ግን እርሱ ራሱ ባስገባቸው ሰዎች ነው። ሁዋን ፓቼኮን በአልጋ ወራሹ በኤንሪኬ ቤት ያስቀመጠው አልቫሮ ነበር፤ ፓቼኮ የልዑሉ ቢትወደድ ሆነና ልጁን በአባቱ ቢትወደድ ላይ አስነሣ። በ1447 ንጉሡን ከፖርቱጋሏ ኢዛቤል ጋር ያጋባውም አልቫሮ ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ባሏን ከእርሱ ለማላቀቅ ቆርጣ ተነሣች።

አልቫሮ የዘውዱን ሥልጣን ከመኳንንቱ ሲከላከል ኖረ፤ የራሱ ሥልጣን ግን ከአንድ ሰው ፍቅር በቀር ሌላ መሠረት አልነበረውም። ያ ፍቅር ሲቀዘቅዝ በ1453 ቡርጎስ ላይ ተያዘ፤ ጁን 2 ቀን በቫያዶሊድ አደባባይ አንገቱ ተቀላ።

ንጉሡ በዓመቱ ሞተ። ኤንሪኬ ሲነግሥ ፓቼኮ የአልቫሮን ስፍራ ያዘ። በ1465 የኤንሪኬን ምስል አቪላ ላይ ከዙፋን ካወረዱት መኳንንት አንዱም ይኸው ፓቼኮ ነበር።