የጋሪ ኪልዳል 31 ባይት

የዶክተር ጋሪ ኪልዳል ስም በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣው ከእጃቸው ያመለጠው ውል ነው። ሥራቸው ግን ከዚያ ቀድሞ የተፈጸመ ነበር።

ኪልዳል በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው የባሕር ጉዞ ትምህርት ቤት ስለ ነበረው በወጣትነታቸው በዚያ አስተምረዋል። በሞንቴሬይ የባሕር ኃይል ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት መምህር ሳሉም፣ በ1974 ሲ ፒ ኤም የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለኢንቴል 8080 አዘጋጁ። ሲስተሙ 16 ኪሎባይት ብቻ ባለው ማኅደረ ትውስታ ጭምር እንዲሠራ የታሰበ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ባይት ይቆጠር ነበር።

በዋጃ ሜዳ ማሽላውን ወቅቶ የሚያስገባ ገበሬ አስቀድሞ የሚያየው የትኛው ጎታ ሙሉ፣ የትኛው ባዶ እንደ ሆነ ነው። በዲስክም ላይ ጥያቄው ይኸው ነው። መደበኛው ባለ 8 ኢንች ዲስክ እያንዳንዳቸው 1 ኪሎባይት በሚይዙ 243 ብሎኮች ይከፈል ነበር። ኪልዳል ለእያንዳንዱ ብሎክ አንድ ቢት መደቡ፤ የተያዘው 1፣ ነፃው 0 ሆነ። መላው ካርታ 31 ባይት ብቻ ወሰደ። የብሎኩ ቁጥር ለ8 ሲካፈል ድርሻው ባይቱን፣ ቀሪው ቢቱን ያሳያል። በኋላ ለሞቶሮላ 68000 የተዘጋጀው ሲ ፒ ኤም በአብዛኛው በሲ ቋንቋ ሲጻፍም ካርታው አልቀረም።

ይህ ካርታ በዲስኩ ላይ አይጻፍም። ዲስኩ ሥራ ሲጀምር የፋይሎች ማውጫ ይነበብና ካርታው በማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንደ አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ማውጫውና ካርታው በዲስክ ላይ የሚጣሉበት ዕድል የለም። አደጋው ሌላ ነው፤ ሰው ሳያሳውቅ ዲስክ ቢለውጥ፣ የወጣው ዲስክ ካርታ የገባውን ዲስክ ፋይሎች ባዶ ቦታ አስመስሎ ያስደመስሳል። ኪልዳል ይህን አስበው የማውጫውን ድምር እንዲመዘገብ አደረጉ። ድምሩ ካልገጠመ ሲስተሙ በዲስኩ ላይ አልጽፍም ይላል። ብዙ ተጠቃሚ ያማረረበት ይህ እምቢታ የስንቱን ድካም እንዳተረፈ መገመት አያዳግትም።

በ1980 አይ ቢ ኤም ለግል ኮምፒዩተሩ ሲስተም ፍለጋ ወደ ኩባንያቸው መጥቶ ሳይስማሙ ቀሩ፤ ሥራው ለማይክሮሶፍት ሆነ። የማይክሮሶፍት ዶስ የሲ ፒ ኤምን አጠራር ተከትሎ፣ የብሎኮቹን መዝገብ ግን በዲስኩ ላይ፣ ያውም በሁለት ቅጂ አስቀመጠ። አይ ቢ ኤም ሲ ፒ ኤም-86ን በ240 ዶላር፣ ዶስን በ40 ዶላር ሸጠ፤ ገዢው የትኛውን እንደ መረጠ ግልጽ ነው።

ኪልዳል ኩባንያቸውን በ1991 ለኖቬል ሸጡ። በ1994 ጭንቅላታቸው ላይ በደረሰ ጉዳት በ52 ዓመታቸው በሞንቴሬይ አረፉ። የሲ ፒ ኤም የመጀመሪያዎቹ እትሞች ምንጭ ጽሑፍ በ2014 በኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም በኩል ለንባብ በቅቷል።