ያመነም የመዘገበም ሰው

በሂሳብ ሥራዬ እምነት ካለ ደረሰኝ ምን ያደርጋል የሚል ንግግር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የጆርጅ ሙለር ሕይወት ለዚህ መልስ አለው።

ሙለር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1805 በፕሩሺያ፣ በዛሬዋ ጀርመን ነው። አባቱ ግብር ሰብሳቢ ነበሩ፤ እሱም በልጅነቱ አባቱ ከሰበሰቡት የመንግሥት ገንዘብ ይሰርቅ ነበር። በ16 ዓመቱ ያደረበትን ሆቴል ሳይከፍል ሊወጣ ሲል ተይዞ ታሰረ። በ1825 በሃሌ ከተማ ተማሪ ሳለ አንድ ጓደኛው ወደ ቤት የጸሎት ስብሰባ ወሰደው። ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ አየ፤ ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሕይወቱ ተለወጠ።

በ1829 ወደ እንግሊዝ ሄዶ አገልጋይ ሆነ። በ1830 ሜሪ ግሮቭስን አገባ። ሁለቱም ቋሚ ደመወዝ ትተው ችግራቸውን ለእግዚአብሔር ብቻ ለመንገር ወሰኑ። በ1836 በብሪስቶል ከተማ ቤት ተከራይቶ ወላጅ አልባ ሴት ልጆችን ተቀበለ። ልጆቹን ከማሳደግ በፊት የሚያስቀድመው ዓላማ ነበረው፤ እግዚአብሔር ዛሬም ቃሉን እንደሚጠብቅ ለሰው ሁሉ ማሳየት ፈለገ።

ቃሉን ማመን ግን ቀላል አልነበረም። በ1838 ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ያደረባቸው ቀናት ነበሩ። ሙለር ከሠራተኞቹ ጋር ይጸልያል፤ እነሱም ከኪሳቸው ያላቸውን ይጨምራሉ። ያም ሆኖ ምንም ነገር በዱቤ አይገዛም ነበር። የዳቦና የወተት ሂሳብ በሳምንት ይከፈል የነበረው ቀርቶ በየቀኑ እንዲከፈል አደረገ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ገንዘብ ቢጠፋ ባለዕዳ እንዳይሆን ነው። እርዳታ ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ይሰጥ፣ ሂሳቡንም በሪፖርት ያሳትም ነበር። በልጅነቱ የሰው ገንዘብ የነካ እጅ አሁን የእያንዳንዷን ሳንቲም ገቢና ወጪ ይጽፍ ነበር።

በ1849 በአሽሊ ዳውን 300 ልጆች የሚይዝ ቤት ተከፈተ። በ1870 ቤቶቹ አምስት ሆኑ፤ ከ2,000 በላይ ልጆችን ይይዙ ነበር። በዕድሜው ሙሉ ከ10,000 በላይ ልጆች በእጁ አድገዋል። በ1898 በ92 ዓመቱ ሲያርፍ በእጁ ያለፈው ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር፤ የራሱ ሀብት ግን ወደ 160 ፓውንድ ብቻ።

እኛ እንደ ሙለር አይደለንም፤ ለረጂዎቻችን የድጋፍ ደብዳቤ እንጽፋለን። ይህ የእምነት ማነስ አይመስለኝም። ከእሱ የምንወስደው ግን አለ። በተስፋ ቃሉ ያመነ ሰው ነገ ይሞላል ብሎ የዛሬውን ጉድለት አይደብቅም፤ የሌለውን ገንዘብም አያወጣም። ስለዚህ የማኅበራችን ገንዘብ ሲመናመን አብረን እንጸልይ፤ መዝገቡንም በግልጽ እንክፈተው።