ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፈ አደራ
የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታሪክ

ያገራችን ሊቃውንት ሲቈጠሩ ስማቸው አስቀድሞ ከሚነሣው አንዱ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። ትውልዳቸው ሸዋ ነው። ወደ ቅድስት አገር ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው ብዙ ዘመን በዚያ ኖሩ፤ ከግእዙም ጋራ ዕብራይስጥን፣ ሱርስትንና ዐረብኛን መረመሩ። ነገር ግን የሊቅነታቸውን ሥር የሚፈልግ ሰው ከመጻሕፍቱ አስቀድሞ መምህራቸውን ሊያውቅ ይገባዋል።

መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ይባላሉ። እኒህ ሊቅ ቀድሞ በሮም ሳሉ ያማርኛን ቃል ከነምስጢሩ ለኢጣልያዊው ሊቅ ለኢኛጽዮ ጉዊዲ እያስረዱ፣ በ1901 በፈረንጅ አቈጣጠር ለታተመው መዝገበ ቃላት ታላቅ ረዳት ሆነዋል። በኋላም በኢየሩሳሌም ኪዳነ ወልድን በአጠገባቸው አስቀምጠው ያላቸውን ሳይሰስቱ ሰጧቸው።

ባገራችን ሥርዓት ትምህርት ማለት ብራና መግለጥ ብቻ አይደለም። በመጻሕፍት ቤት አንዱ ተማሪ ንባቡን ያሰማል፤ መምህሩ ይተረጕማል፤ ጉባኤው ያደምጣል፤ ጉባኤው ሲፈታ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው የሰሙትን ይቀጽላሉ። በቅኔ ቤትም ተማሪው ቀን ብቻውን ሲቈጥር ውሎ ያገኘውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉን፣ ቤቱንና ምስጢሩን በዚያው ያርማል። ስለዚህ መምህሩ የተማሪውን ስሕተት ከአፉ ሰምቶ ያውቃል፤ ተማሪውም በጥያቄው መምህሩ ሳይናገር ያለፈውን ያስታውሰዋል። ዝም ብሎ የሚሰማ ተማሪ ቃሉን ይይዛል እንጂ ምክንያቱን አይይዝም።

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝን ግስና መዝገበ ቃላት ባማርኛ ፍቺ ለማዘጋጀት ዠምረው ሳለ ሥራው ሳይፈጸም ዕድሜያቸው አለቀ። ይህንንም ለተማሪያቸው አደራ ሰጡ። ኪዳነ ወልድም የተቀበሉትን እንዳለ ገልብጠው አላኖሩትም፤ ቃሉን ከጐረቤት ልሳናት ጋራ እያስተያዩ፣ ፊደሉንም በአበገደ ተራ እየሰደሩ አሰፉት።

አደራ ሲቋረጥ የሚደርሰው ጥፋት በትንቢተ ሕዝቅኤል ታይቷል። የዚህ መጽሐፍ ትርጓሜ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ የነበረው በመካከል ተቋርጦ ነበርና፣ መጽሐፉ በእጅ ሳለ የሚያስረዳ አፍ ጠፋ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አለቃ ኪዳነ ወልድን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው ይህን ሥራ ሰጧቸው፤ ትርጓሜውም ከነንባቡ በ1916 ዓመተ ምሕረት በድሬዳዋ ታተመ። አንድ ጊዜ የተበጠሰውን ለመቀጠል እንዲህ ያለ የብዙ ልሳን ሊቅ አስፈለገ።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1936 ዓመተ ምሕረት ሲያርፉ መዝገበ ቃላቱ ገና አልታተመም ነበር። ነገር ግን እርሳቸውም እንደ መምህራቸው ተማሪ አፍርተው ነበርና፣ አደራውን ለደስታ ተክለ ወልድ አስረከቡ። ደስታም ዐሥራ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ በ1948 ዓመተ ምሕረት መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ተብሎ በአዲስ አበባ እንዲታተም አደረጉ፤ በ1962 ደግሞ የራሳቸውን ያማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። እንግዲህ አንዱ ዘራ፣ ሁለተኛው ኰተኰተ፣ ሦስተኛው አጨደ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ተማሪውን ንቆ ወይም መምህሩን ረስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ካህኑም ምእመኑም የግእዝን ፍቺ የሚፈልግበት መጽሐፍ ባልተገኘም ነበር።

በመካኒሳ አቦ ደብርም ልጅን ወደ ፊደልና ወደ ዳዊት የሚሰድ ወላጅ፣ ልጁ ምን ያህል እንደ ሸመደደ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ጠየቀ ይመርምር። መምህርም ጥያቄን እንደ ድፍረት አይቍጠረው፤ ነገ አደራውን የሚቀበል ያው ጠያቂው ልጅ ነውና። የአባታችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጸሎት መምህራኑንም ተማሮቹንም ይጠብቅ፤ አሜን።