ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን፤ የሚቻለውንና የሚሆነውን የመዘነ ሊቅ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ በወረቀትም ሆነ በስልኩ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሳያይ የሚውል ተማሪ ጥቂት ነው። ነገር ግን የዚህን ቋንቋ ታላቅ መዝገበ ቃላት የጻፈው ሰው፣ ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ ስለ አገራችን አንድ መጽሐፍ መተርጐሙንና በኋላም የአንድ ኢትዮጵያዊ ልዑል ታሪክ መድረሱን የሚያውቅ ከዚያም ያነሰ ነው። ይህ ሰው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ታሪኩን ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ስለ ዝናው ብቻ አይደለም። የሚቻለውን፣ ምናልባት የሚሆነውንና ከቶ የማይሆነውን ለይቶ ስለ መናገር ከሥራው የምንማረው ነገር ስላለ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጆንሰን በ1709 ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ መጻሕፍት ሻጭ ነበረ። በሕፃንነቱ የያዘው የእጢ በሽታ ፊቱን አጠባሰሰው፤ አንድ ዓይኑንም አደከመበት። ነገር ግን በአባቱ ሱቅ ያሉትን መጻሕፍት እያነበበ ስላደገ፣ በ1728 ወደ ኦክስፎርድ ሲገባ ከብዙ ተማሪዎች ይበልጥ ያነበበ ነበረ። ድህነቱን አይቶ አንድ ሰው አዲስ ጫማ በደጁ ቢያኖርለት፣ ክብሩ ተነክቶ አንሥቶ እንደ ወረወረው ይተረካል። ገንዘብ በማጣቱም ከዐሥራ ሦስት ወር በኋላ ዲግሪ ሳያገኝ ትምህርቱን ትቶ ወጣ።

የመጀመሪያ መጽሐፉ የታተመው በ1735 ነው። ይኸውም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰበት ነው። የድካሙ ዋጋ አምስት ጊኒ ብቻ ነበረ። በመቅድሙ ላይ ሎቦን ያመሰገነበት ምክንያት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በዚያን ዘመን ብዙ መንገደኞች ስለ ሩቅ አገር ተአምርና ጭራቅ ይጽፉ ነበረ። ሎቦ ግን ሊሆን ከሚችለው ወሰን አላለፈም፤ ስለዚህ ሊያስተባብለው የማይችል አንባቢ ሊያምነው ይገባል አለ። ወጣቱ ጆንሰን ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚመዝነው እውነትንና ሐሰትን ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን «ሊሆን የሚችለውን» ጭምር ነበረ።

በ1737 ከተማሪው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ወደ ለንደን ሄደ። በዚያም ለመጽሔት እየጻፈ ኑሮውን ገፋ። ከሥራዎቹም አንዱ የፓርላማውን ክርክር መጻፍ ነበረ፤ ተናጋሪዎቹ የተናገሩትን በጥቂቱ ብቻ እየሰማ ቀሪውን ሊሉት እንደሚችሉ አድርጎ ከራሱ ያዘጋጅ ነበረ። በኋላ ግን ሕዝቡ ንግግሩን እንደ እውነተኛ ቃል መቀበሉን ባወቀ ጊዜ ተጸጽቶ ተወው ይባላል። ሊሉት የሚችሉትን፣ ብለውታል ብሎ ማቅረብ እንደማይገባ ያን ጊዜ ተረዳ።

በ1746 መጽሐፍ አሳታሚዎች መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ በ1500 ጊኒ ተዋዋሉት። በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ ገምቶ ነበረ፤ ሥራው ግን ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ። ስድስት ረዳቶች ቀጥሮ በቤቱ ሰገነት ላይ ሲሠራ፣ በ1752 ሚስቱ ሞተችበት። መጽሐፉ በ1755 በሁለት ታላላቅ ጥራዝ ሲወጣ ከአርባ ሁለት ሺህ የሚበልጡ ቃላት ነበሩበት።

ከእነዚያ ቃላት መካከል ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅሙን ትንንሾቹ ናቸው። ጆንሰን «ካን» የተባለውን ረዳት ግስ ከ«ሜይ» ሲለይ፣ የመጀመሪያው ኃይልን፣ ሁለተኛው ፈቃድን ያመለክታል አለ። ከዚያም አልፎ «ሜይ» መቻልንና በአጋጣሚ መሆንን እንደሚናገር ገለጠ። «ፖሲብሊ» ለተባለው ተውሳከ ግስ ደግሞ ሁለት ፍች ሰጠው፤ አንደኛው በዓለም ባለው በማናቸውም ኃይል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ምናልባት ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ተውሳከ ግስ ከረዳት ግሱ ጋር ሲጋጠም ፍቹ እንዴት እንደሚለወጥ እንመልከት። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ታክሲ የሚጠብቅ ተማሪ ስለ ጓደኛው ሲናገር «ሂ ካንት ፖሲብሊ ከም» ቢል፣ በአማርኛ «ከቶ ሊመጣ አይችልም» ማለቱ ነው። በሩ ተዘጋ። «ሂ ሜይ ፖሲብሊ ከም» ቢል ግን «ምናልባት ሊመጣ ይችላል» ማለቱ ነው፤ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ያው አንድ ቃል ከአሉታው «ካን» ጋር ሲሆን እምቢታውን ያጠነክራል፤ ከ«ሜይ» ጋር ሲሆን ጥርጣሬውን ያግዛል። በሁለተኛው አነጋገር «ሜይ»ም «ፖሲብሊ»ም መጠራጠርን ቢያሳዩ፣ ጥርጣሬው እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። ሁለቱ ተስማምተው አንዱን ሐሳብ ይናገራሉ፤ እኛም «ምናልባት ይመጣ ይሆናል» ስንል እንዲሁ እናደርጋለን።

ሌሎቹም ተውሳከ ግሶች የየራሳቸው ጓደኛ አላቸው። «ዌል» ከ«ሜይ»፣ ከ«ማይት» ወይም ከ«ኩድ» ጋር ሲገባ ተስፋውን ከፍ ያደርገዋል፤ «ሳይመጣ አይቀርም» ወደ ማለት ይጠጋል። «ሃርድሊ» ግን የሚስማማው ለ«ካን»ና ለ«ኩድ» ነው፤ መቻሉን እጅግ ያሳንሰዋል። ቦታቸውም ከእኛ ይለያል። በአማርኛ «ምናልባት» ብዙ ጊዜ በዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይቆማል፣ ረዳት ግሱም በመጨረሻ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን እነዚህ ተውሳከ ግሶች አብዛኛውን ጊዜ በረዳት ግሱና በዋናው ግስ መካከል ይገባሉ።

ችግራችን የሚመነጨው አማርኛችን «ይችላል» በሚለው አንድ ግስ «ካን»ንም «ሜይ»ንም ስለሚናገር ነው። ልዩነቱን የምናሳየው አሉታውን በምናኖርበት ቦታ ነው፤ «ሊመጣ አይችልም» እና «ላይመጣ ይችላል» እንላለን። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው፣ አውሮፕላኑ ዛሬ ሊደርስ አይችልም ቢባል ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ላይደርስ ይችላል ቢባል ግን ይቆያል። ከዚህ የሚከብድም አለ። ሐኪሙ በ«ሜይ ኖት» በሽተኛው ላይድን ይችላል ያለውን፣ አስተርጓሚው ሊድን አይችልም ብሎ ለዘመድ ቢነግር፣ በአንዲት ቃል የቤተ ሰብ ተስፋ ቈረጠ ማለት ነው።

ጆንሰን ራሱ ቋንቋን የሚያውቀውን ያህል የማያውቀውን አልደበቀም። በመዝገበ ቃላቱ ከፈረስ ሰኮና በላይ ያለውን የእግር ክፍል ጉልበት ነው ብሎ ስለ ጻፈ፣ አንዲት ሴት ምክንያቱን ብትጠይቀው፣ ባለማወቄ ነው ብሎ መለሰላት ይባላል። መጀመሪያ ቋንቋውን ከመለወጥ ለማገድ ተስፋ አድርጎ ነበረ፤ በመጨረሻ ግን ይህ ከቶ እንደማይቻል በመቅድሙ አስታወቀ።

ዝናው ኪሱን አልሞላለትም፤ በ1756 በዕዳ ተይዞ በወዳጁ ብድር ተለቀቀ። በጥር 1759 እናቱ በታመመች ጊዜ ለመታከሚያዋና ለዕዳዋ፣ ኋላም ለቀብሯ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ራስላስ»ን ጻፈ። ስሙ በሎቦ መጽሐፍ ከተጠቀሱት ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም እንደ ተወሰደ ይታመናል። ልዑሉ የሚኖርበት በአማራ ምድር ያለው የደስታ ሸለቆም ነገሥታቱ ልዑላንን በአምባ ግሸን ያኖሩ ከነበረበት ታሪክ የመነጨ ነው። ልዑሉ ከዚያ አምልጦ ሰው ደስተኛ ሊሆን የሚችልበትን ኑሮ በግብጽ ሲፈልግ ይቆያል፤ መጽሐፉም መልሱን ሳይቈርጥ ያልቃል። ይህን መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

ከ1762 ጀምሮ መንግሥት በየዓመቱ 300 ፓውንድ ጡረታ ስለ ሰጠው ከችግር ዐረፈ። በታኅሣሥ 1784 ሞተ፤ በዌስትሚንስተር ገዳም ተቀበረ። ያለ ዲግሪ ከወጣበት ከኦክስፎርድ በ1775 የዶክተርነት ማዕረግ አግኝቶ ነበረ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የፈተና መልስ፣ የጥናት ጽሑፍ ወይም የሥራ ማመልከቻ ስንጽፍ «ካን»ንና «ሜይ»ን እንደ አንድ አንቍጠራቸው። ከአጠገባቸው የምናቆመውንም ተውሳከ ግስ እንምረጥ። ያልተረጋገጠውን ርግጥ አስመስሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያሳስታል፤ ሁሉን «ምናልባት» የሚልም ምንም አላስተማረም። የምናውቀውን በሚያህል ቃል እንናገር።