የጫማው አፍንጫና ጃን ማትዜሊገር

እስቲ አንባቢዎች፥ አንድ ጊዜ ጫማችሁን አንሥታችሁ አፍንጫውን ተመልከቱ። የላይኛው ቆዳ ጣቶቻችሁን ከብቦ ወደ ሶሉ ሥር ሲታጠፍ፥ በዚያች ጠባብ ቦታ አንድም ሽብሽብ አይታይም። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብዙ መሐንዲሶችን ያስቸገረ ነበር። መላውን ያገኘው ጃን ኧርነስት ማትዜሊገር የተባለ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው።

ማትዜሊገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1852 በደቡብ አሜሪካ፥ በሱሪናም፥ ከሆላንዳዊ መሐንዲስና ከጥቁር እናት ተወለደ። በ10 ዓመቱ የመኪና ሥራ መማር ጀመረ፤ በ19 ዓመቱ መርከበኛ ሆኖ አገሩን ለቀቀ። በ1877 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሊን ከተባለችው የጫማ ከተማ ሲገባ እንግሊዝኛ እንኳ አጥርቶ አያውቅም ነበር።

በዚያ ዘመን የላይኛውን ቆዳ የሚሰፋ መኪና ነበረ፤ ሶሉን የሚሰፋም ነበረ። በመካከል ያለው ሥራ ግን፥ ይኸውም ቆዳውን ከነገበሩ በፎርማ ላይ በጉጠት እየሳቡ፥ አፍንጫውንና ተረከዙን እያጠፉ በምስማር መምታት፥ የእጅ ብቻ ነበር። የተካነው ሠራተኛ 10 ሰዓት ሙሉ ደክሞ 50 ጥንድ ያህል ቢያደርስ ነው። ፋብሪካው ሁሉ እሱን ይጠብቃል። ባለሙያዎቹም ይህን ዐውቀው ማኅበር አቁመው ደኅና ደመወዝ ይቀበሉ ነበር፤ ጥበባቸውን ብረት ይወርሰዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ማትዜሊገር ቀን በፋብሪካው ሲሠራ የእጃቸውን አካሄድ በዓይኑ ይከተላል፤ ማታ በክፍሉ ውስጥ ያንኑ በሲጋር ሣጥን እንጨት፥ በሽቦና በምስማር ይሞክራል። ገንዘብ ለመቆጠብ በበቆሎ ገንፎ ኖረ። ወጪውን ለቻሉለት ሁለት ሰዎች ከፈጠራው ሁለት ሦስተኛውን ሰጠ፤ ለእኔ ከገንፎው ይልቅ የመረረው ይህ ውል ይመስለኛል። የላከው ሥዕል እጅግ የተወሳሰበ ስለ ሆነ የፓተንት መርማሪው መኪናውን በዓይኑ ለማየት ሊን ድረስ መጣ። በማርች 20 ቀን 1883 ፓተንቱ ተሰጠ።

ኋላ የተሻሻለው መኪና በቀን እስከ 700 ጥንድ አደረሰ፤ የጫማ ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። የነዚያ ባለሙያዎች ክብርም አብሮ ወረደ፤ ይህን ሳያነሡ ማለፍ አይገባም።

ማትዜሊገር በ1889 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 37 ዓመት አልሞላውም ነበር። በሊን አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በጥቁርነቱ ምክንያት በራቸውን ዘግተውበት ነበር፤ አንዲቱ ግን ተቀብላው ኖሮ ከአክሲዮኑ አወረሳት። እሷም ከዓመታት በኋላ አክሲዮኑን ሸጣ ዕዳዋን ከፈለችበት።