ለትምህርት ቤት ባሕር የተሻገረው ስደተኛ፦ ጆሳያ ሄንሰን

የዛሬው ባለታሪካችን ስደተኛ ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሳያ ሄንሰን በ1789 በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ከባሪያ ቤተሰብ ተወለደ። ነጻነቱን ለመግዛት ከጌታው ጋር በ450 ዶላር ተስማምቶ 350ውን ከከፈለ በኋላ ጌትየው ዋጋው 1,000 ነው ብሎ ካደው። ሊሸጡት እንደሚፈልጉም ሲያውቅ በ1830 ከኬንታኪ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ በሌሊት ጠፋ። ሁለቱን ትንንሽ ልጆች በከረጢት አዝሎ፣ በኦክቶበር 28 ካናዳ ገባ።

ያን ጊዜ ማንበብ አይችልም። ትምህርት ቤት የገባው ልጁ ቶም መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብለት፣ ለምን ራስህ አታነብም ብሎ ጠየቀው። አባት በልጁ ፊት አልችልም ማለት እንዴት እንደሚከብድ የጎልማሶች ትምህርት ያስተማረ ያውቀዋል። ቢሆንም ፊደል የቆጠረው ከዚሁ ልጅ ነው።

በ1841 ሄንሰንና ሂራም ዊልሰን የተባለ ሚስዮናዊ፣ ባርነትን የሚቃወሙ እንግሊዛውያን ባዋጡት ገንዘብ ዶውን በሚባል ስፍራ 200 ኤከር መሬት ገዙ። ከባርነት ያመለጡ ልጆችና ጎልማሶች ንባብም የእጅ ሙያም የሚማሩበት ትምህርት ቤት በ1842 ተከፈተ። የእንጨት መሰንጠቂያም ነበራቸው።

ግን ዕዳ በዛ። ስለዚህ ሄንሰን ገንዘብ ሊያሰባስብ እንግሊዝ አገር ሄደ። እዚያም ሌላ ችግር ጠበቀው፤ ሰውየው አታላይ ነው፣ ማንም አልላከውም የሚል ወሬ ተነዛበት። ጉዳዩ ተመርምሮ ነጻ ወጣ። ለሕዝብ ብሎ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ሐሜት አያጣም መቼም!

በ1851 ለንደን በተከፈተው ትልቁ ኤግዚቢሽን የዶውንን የዎልነት ሳንቃዎች እንደ መስታወት አስወልውሎ አቀረበ። በአሜሪካ መርከብ ስለመጡ የአሜሪካ ክፍል ኃላፊ ከኛ ዘንድ ይቀመጡ አለ። ሄንሰን ምን አደረገ? ቀለም ቀቢ ጠርቶ፣ ይህ ከአሜሪካ ያመለጠ ባሪያ የሥራ ውጤት መሆኑን በትልልቅ ነጭ ፊደላት ሳንቃው ላይ አስጻፈ። አሜሪካኖቹ አፈሩ፤ ሳንቃዎቹም ተነሱ። የነሐስ ሜዳልያም አገኘ።

ብዙ ሰው ሄንሰንን የሚያውቀው “የአጎት ቶም ጎጆ” ከተባለው የ1852 ልቦለድ ጋር በተያያዘ ነው። ለእኔ ግን ትምህርት ቤቱ ይበልጣል። እንደገና እንግሊዝ ሄዶ በ1877 ንግሥት ቪክቶሪያ ተቀብላዋለች።

ትምህርት ቤቱ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1868 ተዘጋ፤ ንብረቱ ተሸጦ ገንዘቡ በቻተም ከተማ ለጥቁሮች ትምህርት ቤት ተላለፈ። ሄንሰን እዚያው አካባቢ፣ ድሬስደን ውስጥ፣ በ1883 በ93 ዓመቱ ዐረፈ። መኖሪያ ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው።